ፎቶ አንሺዋና የቫልቮቹ መዝገብ

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት የለም። ከላይኛው ፎቅ ሹም ጀምሮ እስከ በር ጥበቃው ድረስ «ፎቶ አንሺዋ» ነው የሚሏት፤ ካሜራ ግን ይዛ አታውቅም። ስሙ የወጣላት ገና ሥራ የጀመረች ሰሞን ነው። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ኮምፒውተሯ ላይ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እሷም እንዴት ብላ እንደምታስረዳት ቢጨንቃት «ፎቶ እያነሳሁት ነው» አለቻት። የዲስኩን ሙሉ ምስል እየወሰደች ነበር። ፕሮግራሙ፣ ሰነዱ፣ የፊደሉ መጠን ሳይቀር እንዳለ ተገልብጦ በአንድ ትልቅ ፋይል ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ የተበላሸ ቀን ያ ምስል ተመልሶ ይፈስበታል፤ ማሽኑም ፎቶ በተነሳ ዕለት እንደነበረው ሆኖ ይነሳል። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ «ምነው እኔንም የዛሬ ሃያ ዓመት አንስተሽኝ በነበር» አለች፤ ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤ ጥርሷን የነቀለችበት ሥራ ነው። ሰባት ፎቅ፣ ሁለት መቶ አርባ ኮምፒውተር፣ እሷ አንድ። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ያለች መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ኮቴው ከአናቷ በላይ ያልፋል። ጠረጴዛዋ ላይ ብሎን የሞላ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ክዳናቸው የተከፈተ ሁለት ሦስት ማሽኖች አሉ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ በእጇ የጻፈችው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ሰነድዎን ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡ። ኮምፒውተርዎ ቀፎ ነው።»

ሕጓ ይኸው ነው። የሠራተኛው ሰነድ ሁሉ ምድር ቤት ባለው ትልቁ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማሽን ቢቃጠልም የሚጎድል ነገር የለም። ስለዚህ አንዱ «ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ» ብሎ ሲጠራት፣ ምን ነካው፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው ብላ ጊዜ አታባክንም። ፍላሿን ትሰካለች፣ የዚያን ክፍል ምስል ትመርጣለች፣ ታፈስበታለች። ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። እሷ ያንን ጥያቄ ማንበብ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። «አዎ» የሚለውን እየተጫነች ከባለ ጠረጴዛው ጋር ስለ ልጆቹ ታወራለች። በሃያ ደቂቃ ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ሰውየው ይመርቃታል፤ እሷ ወደሚቀጥለው ፎቅ ትወጣለች። በቀን አምስቴ ስድስቴ። እንዲያው ጭንቅላቷ ሥራውን ለእጇ ትቶለት ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እቤት የሚጠብቋት አባቷ ናቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሷም አላገባችም፤ ለምን አላገባሽም እያለ ይነዘንዛት የነበረው ዘመድ ሁሉ ሰልችቶት ትቷታል። አባቷ የውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ። ክንዳቸውን የሚያክል መፍቻ ከትከሻቸው ወርዶ ስለማያውቅ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ መፍቻ» ይሏቸው ነበር። የከተማው ሰው ከእግሩ በታች ምን እንዳለ አያውቅም፤ ለምንስ ብሎ ያውቃል? እሳቸው ግን ያውቃሉ። የቱ መንገድ ላይ ቧንቧ ሲፈነዳ የቱ ቫልቭ እንደሚዘጋ፣ የቱ ቫልቭ አስፋልት ተደፍቶበት እንደቀረ፣ የቱ ደግሞ ጠማማ ሆኖ ሌሎቹ በሚከፈቱበት በኩል እንደሚዘጋ። መሥሪያ ቤቱ ድሮ የቧንቧ ካርታ ነበረው፤ ግማሹን ጎርፍ ወሰደው፣ ግማሹን አይጥ ጨረሰው። የቀረው በአባቷ ጭንቅላትና በአሥራ አንድ ደብተር ውስጥ ነበር።

ጡረታ ከወጡም በኋላ የውሃ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ በወር አንዴ ሁለቴ ይደውልላቸዋል። ከጤና ጣቢያው በታች ፈንድቶብናል ጋሼ፣ ከየት እንዝጋው ይላቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን በልባቸው ይሄዱታል፤ ከአጥሩ ጥግ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ በቀኝ በኩል፣ ክዳኑ ሲሚንቶ ነው፣ ወደ ግራ ነው የምታዞሩት ይሉታል። አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም። ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ፊታቸው ይፈካል፤ የዚያን ዕለት ራታቸውንም ጠግበው ይበላሉ።

ከዚያ ዓይናቸው ተያዘ። ግላኮማ ነው አላቸው ሐኪሙ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክር። ከዳር እስከ ዳር ያዩት የነበረው ነገር ቀስ በቀስ እየጠበበ መጣ። ለልጃቸው ያልነገሯት፣ እሷም ኋላ ያወቀችው ሌላ ነገር ነበር፦ መርሳት ጀምረዋል። የሰው ስም ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የሚረሱት ቫልቭ ነው። አንድ ቀን ያለወትሯቸው ቁርሳቸውን እንኳ ሳይነኩ «ያንን የኮምፒውተር ጽሕፈት አስተምሪኝ። ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ልጻፈው» አሏት።

እሷም ከመሥሪያ ቤቷ በአሮጌነት የተወገደ ኮምፒውተር አምጥታ ብርሃን እንዲያገኙ ብላ መስኮቱ ሥር አቆመችላቸው። በሰባ አንድ ዓመታቸው ፊደል ፍለጋ ተቀመጡ፤ በአንዲት ጣት፣ መነጽራቸው እስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተደፍተው። በቀን አንድ ቫልቭ፣ ሲቀናቸው ሁለት። ስፍራው፣ እርምጃው፣ የክዳኑ ዓይነት፣ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከሥሩም «ማሳሰቢያ» ብለው ያቺን እሳቸው ብቻ የሚያውቋትን ነገር ይጽፋሉ። መሐንዲሱ ይህን ሰምቶ ነበርና መዝገቡ ሊያልቅ ሲቃረብ ራሱ መጥቶ፣ ይህ መዝገብ ካለቀ አትመን በየመኪናችን እናስቀምጠዋለን፣ ብቻ ዝናብ ሳይገባ ይድረስልን አላቸው። እሳቸው ያንን ቃል በልባቸው አስቀመጡት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል፤ በበኩሌ እኔም ሁለቴ ሰምቼዋለሁ።

ደብተሮቹ ደግሞ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲዞሩ የኖሩ ነበሩና ሻግተው ቤቱን አሸተቱት። ልጅቱ «አባዬ፣ ይሄ ወረቀት ይቃጠላል፣ ይረጥባል፤ እዚህ ውስጥ የገባ ነገር ግን አይጠፋም» እያለች፣ አባቷ አንዱን ደብተር ጽፈው በጨረሱ ቁጥር ከቆሻሻው ጋር አወጣችው። አሥራ አንዱንም፤ በገዛ እጇ።

ጽሑፉ በተጀመረ በስድስት ወሩ የኮምፒውተሩ ዲስክ ስላረጀ በአዲስ ቀየረችው፤ እግረ መንገዷንም ሙሉ ምስሉን በተንቀሳቃሽ ዲስክ ገልብጣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በአንሶላዎቹ መሐል አስቀመጠችው። በየወሩ አነሳዋለሁ ብላ ነበር። አባቷም አልረሱባትም፤ ይህን አልረሱም። «ልጄ፣ ፎቶ አነሳሽልኝ?» ይላሉ። «ቅዳሜ፣ አባዬ» ትላለች። ቅዳሜ ይመጣል፣ ደክሟት ትተኛለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ገበያ ትሄዳለች። ሁለት መቶ አርባ የባዕድ ኮምፒውተር ስታነሳ የምትውል ሴት፣ እቤቷ ያለችውን አንዲት ማሽን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳታነሳ ኖረች። ምን ትሉታላችሁ? እኔ የምለው አጥቻለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከሰባተኛው ፎቅ የስብሰባ አዳራሹ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ስልኳ ሥራ አስፈትቷታል። አንዱን ጫማ አጥልቃ ሌላውን በእጇ ይዛ ለመውጣት ስትጣደፍ፣ አባቷ ከመስኮቱ ሥር ሆነው ኮምፒውተሩ አልነሳ ማለቱን ነገሯት። ብታይ እስክሪኑ ጥቁር ነው፤ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ተጽፋበታለች፤ መነሻውን አላገኘሁትም የምትል ዓይነት። እሷ መስመሯን ገረፍ አድርጋ አይታ ፍላሿን ከቦርሳዋ፣ ዲስኩን ከአንሶላዎቹ መሐል አወጣች።

«መዝገቤስ ደህና ነው?» አሉ አባቷ።

«አታስብ አባዬ፣ ፎቶ አለኝ።»

ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ጠየቃት፤ እሷም እንደ ልማዷ «አዎ» አለችው፤ ጫማዋ በግራ እጇ ነበር። አረንጓዴዋ መስመር እየሞላች ስትሄድ ፀጉሯን አሰረች፣ ለአባቷ ሻይ ቀዳች፣ የራሷን ቆማ ጠጣች። በሃያ ሁለት ደቂቃ ማሽኑ ተነሳ። አባቷ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው መረቋት። እሷ ወጥታ ሮጠች።

በመሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የስብሰባ አዳራሹን ጨረሰች፤ ከዚያ አራተኛ ፎቅ ወረደች። እዚያ አንዲት አዲስ ገቢ ጸሐፊ ማሽኗ ቆሞባት ተጨንቃ ተቀምጣለች። ፎቶ አንሺዋ ፍላሿን ሰክታ፣ «አዎ» ብላ፣ መስመሯ መሙላት ስትጀምር ጸሐፊዋ ፈራ ተባ እያለች ፋይሎቿስ ምን እንደሚሆኑ ጠየቀቻት። ይህን ጥያቄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሺ ጊዜ ሰምታዋለች፤ መልሱም ከአፏ በራሱ ነው የሚወጣው።

«ሰርቨሩ ላይ ካስቀመጥሻቸው አሉ። እዚሁ ማሽኑ ላይ ከነበሩ ግን የሉም፤ ፎቶው ከተነሳ በኋላ የጻፍሽው ሁሉ ጠፍቷል።»

ይህን ብላ ክው አለች። አባቷ ሰርቨር የላቸውም። የአባቷ ቀፎ ቀፎ አልነበረም። ፎቶውም የሦስት ዓመት ፎቶ ነው። ጸሐፊዋ ምን ሆንሽ ብትላት አልሰማቻትም፤ መስመሯ ስልሳ አንድ በመቶ ላይ እያለች ማሽኑን ትታ ደረጃውን ወረደች። አውቶቡስ አልጠበቀችም። ወገቧን እስኪይዛት ሮጠች፣ ትንሽ ተራመደች፣ ደግሞ ሮጠች።

አባቷ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። «ፊደሉ አነሰብኝ» አሏት፤ «ምን አድርገሽው ነው? ምንም አይታየኝም።» እውነታቸውን ነው። ያ ፎቶ ሲነሳ ዓይናቸው ከአሁኑ ይሻል ስለነበር ፊደሉም እንደ ሰው ፊደል ትንሽ ነበር፤ ማሽኑም ወደዚያው ዘመን ተመልሷል። ጠጋ ብላ ፋይሉን ከፈተችው። ጠዋት አንድ ሺ አንድ መቶ አርባ ስድስት ቫልቭ የነበረበት መዝገብ መቶ ስልሳ ሦስተኛው ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ነጭ ነው።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት እውነቱን ብትናገር ምን ነበረበት? አልተናገረችም። ትንሽ ጥገና ይፈልጋል፣ ልውሰደው ብላ ዲስኩን ፈትታ ወጣች። አባቷ ማየት አለመቻላቸው ለአንድ አፍታ እንደጠቀማት አወቀች፤ ያንንም ስታውቅ ራሷን ጠላች።

ከገበያው ጀርባ፣ በስልክ መሸጫዎቹ መሐል፣ ራሱን «የዲስክ ሐኪም» ብሎ የጠራ ሰው አለ። የተበላሸ ዲስክ ውስጥ የቀረውን ፈልፍሎ በማውጣት የታወቀ ነው። ወሰደችለት። ሁለት ሳምንት ያዘው። ልትወስድ ስትሄድ ሦስት ቁርጥራጭ ወረቀት አተመላት፦ «እርምጃ ወደ ቀኝ»፣ «ክዳን የለውም፣ ድንጋይ ነው የተጫነበት»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ማሳሰቢያ፣ ይህንን በፍጹም» ይልና ያቆማል። የቱ መንገድ፣ ስንተኛው ቫልቭ፣ በፍጹም ምን? የለም። ሌላው ሁሉ አዲስ ነገር ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ቢቆፈር አይገኝም።

ሐኪሙ በንዴት ተናገረ። ዲስኩ ደህና እንደነበር፣ የተበላሸችው የመነሻዋ ክፍል ብቻ እንደነበረች፣ ከሌላ ማሽን ጋር ቢያያዝ ፋይሉ በአሥር ደቂቃ ይወጣ እንደነበር ነገራት። «ማነው እላዩ ላይ ያፈሰሰበት?» አላት።

«አንድ ባለሙያ ነው» አለችው።

«ይሄማ ባለሙያ ሳይሆን ጠላት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እጁን ነበር ማሰር።»

«እውነትህን ነው» አለችና ዲስኩን በፌስታል ይዛ ወጣች።

ከዚያ ዲስኩን መልሳ ገጠመችው፤ ፊደሉንም ለአባቷ አሳደገችው። እሳቸው ግን በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይባስ ደክመዋል፤ የቀረችውም ብርሃን ለማንበብ አልበቃ አለቻቸው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ ተቀመጡ። ደብተር ላይ ያልሰፈሩ አርባ ያህል ቫልቮች ብቻ እንደቀራቸው፣ ዝናቡ ሳይገባ መጨረስ እንዳለባቸው፣ ከዚያ በፊት ግን የጻፉትን መስማት እንደሚፈልጉ ነገሯትና ከወፍጮ ቤቱ አካባቢ እንድትጀምርላቸው ጠየቋት።

ወፍጮ ቤቱ ስምንት መቶዎቹ ውስጥ ነበር። አሁን የለም። እሷም ነጩን እስክሪን እያየች ማንበብ ጀመረች። የአባቷን አጻጻፍ በልቧ ታውቀዋለች፤ እርምጃው፣ ጎኑ፣ ክዳኑ፣ አቅጣጫው። «ከወፍጮ ቤቱ በር አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ታች፣ በግራ በኩል፣ ክዳኑ ብረት፣ ወደ ቀኝ ይዘጋል» አለች። ሌላ ጨመረች። ሌላም። ድምፅዋ ራሱ ደህና ነበር። አባቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ሰሟት። አራተኛውን ስትጨርስ አስቆሟት።

«እዚያ ቫልቭ የለም» አሉ።

እስክሪኑን ወደ ላይ ገፋችው፤ ያው ነጭ ነው።

«እዚያ ያለው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ግንብ ነው። ቅድም ያልሻቸውም የሉም።» ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረውም፤ ፍርሃት ነው የነበረበት። «አንቺ ነሽ የምትፈጥሪው ወይስ እኔ ነኝ እንደዚህ ብዬ የጻፍኩት?»

አየችው ማምለጫውን መንገድ። «አንተ ነህ የጻፍከው» ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። ማን ያውቅባታል? እሳቸው ራሳቸው ያምኗት ነበር፤ ለካ መርሳት ከጀመርኩ ቆይቷል ብለው ኀዘናቸውን ይዘው ይተኙ ነበር። ለመመለስ ፈጠነች አልልም። አልፈጠነችም። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ይህንን እሷም አትክድም።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

«ስንት ቀረ?»

«መቶ ስልሳ ሦስት።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማሽኑ ሳይጠይቅሽ ነው ያጠፋው?» አሏት።

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልሽው?»

«አዎ አልኩት።»

ስለ ደብተሮቹ ይጠይቁኛል ብላ ጠበቀች፤ አልጠየቋትም። ቢጠይቋት ይሻላት ነበር። ተነስተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ አልጋቸው ሄዱ፤ የዚያን ቀንም፣ በማግሥቱም አልተነሱም።

በሦስተኛው ቀን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። «ተቀመጪ፤ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ» አሏት። እሷም ቅር ያልተሰኙ መስሏት ዕንባዋ መጣ። ከሥራ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። ጠዋት አምስት፣ ከሰዓት አምስት ቫልቭ ይሉላታል፤ እሷ ትጽፋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ሁለት መቶ አርባኛው ላይ ሲደርሱ፣ አባቷ ከዳቦ ቤቱ ጥግ ዘጠኝ እርምጃ አሏት። ዘጠኝ እርምጃው ላይ ግን ቀደም ብለው፣ ሁለት መቶ ሦስተኛ አድርገው፣ አንድ ቫልቭ አስጽፈዋታል፤ ያኛው ወደ ግራ የሚዘጋ፣ ይሄኛው ወደ ቀኝ። ነገረቻቸው።

«እንግዲያው የፊተኛውን አጥፊው» አሉ። ከዚያ «አይ፣ የኋለኛውን» አሉ። ከዚያ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር፤ መንገዱን በልባቸው እየሄዱ ነው፤ ከዳቦ ቤቱ ተነስተው የሆነ ቦታ ደርሰው ቆሙ፤ ወዴት እንደሚታጠፍ ጠፋባቸው። እሷ ይህን በዓይኗ አየችው። የዚያን ዕለት እህል አልቀመሱም።

ያኔ ነው ለምን መጻፍ እንደጀመሩ የገባት። ያ መዝገብ ከጭንቅላታቸው የተወሰደ ግልባጭ አልነበረም። ከጭንቅላታቸው እየወጣ እዚያ ይገባ ነበር፤ የጻፉት ሁሉ ከእሳቸው ዘንድ አይገኝም። ዋናው እዚያ ማሽን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አርማቸው አታውቅም። አንዱን ቫልቭ ሦስቴ ቢያስጽፏት ሦስቴ ጻፈችው። ምን ታድርግ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ዝናቡ ገባ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዋናው ቧንቧ ፈንድቶ መሐንዲሱ እንደ ልማዱ ደወለ። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ ከበሩ ሠላሳ እርምጃ ወደ ላይ፣ በቀኝ፣ አሉት። ቆፈሩ፤ የለም። ሁለተኛ ቆፈሩ፤ የለም። ሦስተኛውን ሲቆፍሩ ውሃው አጥር ጥሶ ሰው ቤት ገብቷል። በማግሥቱ መሐንዲሱ ደወለ፤ ለአባቷ ሳይሆን ለእሷ። ጨዋ ሰው ነው፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ለጋሼ ምንም እንዳትነግሪያቸው፣ ከእንግዲህ በመሣሪያ እንፈልጋለን፣ ስለ መዝገቡም አይጨነቁ አላት። እሷም ለአባቷ ቫልቩ እርስዎ ባሉት ቦታ ተገኘ፣ በጣም አመስግኚልኝ ብሏል አለቻቸው። በዕድሜዋ አባቷን አንቱ ብላ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ከአፏ አመለጣት። እሳቸው ልብ አላሉትም፤ ወይም ልብ ብለውት ዝም አሉ።

ስልኩ ከዚያ በኋላ ጠርቶ አያውቅም። አባቷ ቧንቧዎቹ ዘንድሮ ደህና ሆነዋል ማለት ነው ይላሉ።

ጽሕፈቱ አሁንም አልቆመም። እሷ ከሥራ ስትመለስ ወንበሩ መስኮቱ ሥር ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ በቀን ሦስት አራት ቫልቭ። በመሥሪያ ቤቷ ደግሞ ጠባይዋ ተለውጧል ይላሉ። ማሽን ከመንካቷ በፊት ባለቤቱን ሦስቴ ትጠይቃለች፤ እስክሪኑን ጣቷን አስደግፋ ቃል በቃል ታነባለች፤ የሃያ ደቂቃውን ሥራ ግማሽ ቀን ታደርገዋለች። ሹሙ አርጅታለች እያለ ያማታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የትም አትሄድም። ተንቀሳቃሹን ዲስክ ከአንሶላዎቹ መሐል አውጥታ ትሰካለች፣ የአባቷን ማሽን ሙሉ ምስል ትወስዳለች፤ ከዚያ ፕሮግራሙ የተገለበጠውን ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል እንዲያመሳክር ታዘዋለች። አባቷ እስኪያልቅ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ መዝገቡ ዘጠኝ መቶ አሥር ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በምድር ላይ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

«ጨረሰ? ምን ይላል?» አሉ አባቷ።

«ምንም ስህተት አልተገኘም ይላል።»

እፎይ ብለው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። እጇን ፈልገው ያዙና «ጎበዝ ልጄ» አሏት፤ «እንግዲህ እኔ ብረሳውም ግድ የለም።»